ቁጡ ሆድ ያለው ሽንኩርት አብቃይ

ደምሴን የሸዋ ሮቢት ሰው በሁለት ነገር ያውቀዋል፤ በሽንኩርቱና በሆዱ። ሽንኩርቱ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ የሚያድግ፣ የአጣዬ ነጋዴ መርጦ የሚወስደው ነው። ሆዱ ግን ሌላ ጉድ ነው። ዛሬ ይነፋዋል፣ ነገ ይቆርጠዋል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሰው መሃል እስኪቀመጥ ጠብቆ ተነሥ ይለዋል። ሲያስነሣውም ጊዜ አይሰጠውም።

የከበቡሽ ሠርግ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ሁሉ መሳቂያ ሆኖ ይቀር ነበር። ከበቡሽ የበኩር ልጁ ናት። ጥር 1971 ዓ.ም. ስትዳር፣ ሚዜዎቹ ይዘዋት ሊወጡ ሲሉ የወላጆቿን ጉልበት ልትስም ተንበረከከች። የእናቷን የወርቅነሽን ሳመች። ቀጥሎ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አባትየው ከጓሮ፣ ከማሽላ አገዳው ክምር ጀርባ፣ ሆዱን ይዞ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ሲመለስ ሙሽራዋ ሄዳለች። ያን ቀን ከልቡ አለቀሰ፤ ታናሿን ጌጤን ሲድር ግን ከወንበሩ ንቅንቅ እንደማይል ለወርቅነሽ ማለላት።

መሐላው ሆዱን አላስፈራውም። ትል ነው ሲሉት ኮሶ ጠጣ። ብርድ ነው ሲሉት ነጭ ሽንኩርት ከፌጦ ጋር ወቅጦ ዋጠ። ሲብስበት ደግሞ መድኃኒቱ አንሶኛል ብሎ ነጭ ሽንኩርቱን ይጨምራል።

የጌጤ ሠርግ አንድ ዓመት ሲቀረው ጤና ጣቢያ ሄደ። ድሬሰሩ ሰገራውን አስመረመረ፣ መዘነው፣ ደም አይተህ ታውቃለህ ወይ፣ ከስተሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ምንም አልተገኘበትም። ትልም ቁስልም ያለብህ አይመስለኝም፣ አንጀትህ ቁጡ ነው አለው። የሚያስቆጣውንም ለማወቅ የሚበላውንና የሚሆነውን ቀን በቀን እንዲያስተውል መክሮ ሸኘው።

ማስታወስ ለደምሴ አይሆንለትም። ነገር ግን በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሯል፤ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከማየት በቀር እስከዚያ ቀን ምንም አልሠራበትም ነበር። አሁን ሥራ ተገኘለት። ከሰል አንሥቶ በሩ ጀርባ ላይ ይጽፍ ጀመር። «ሰኞ፣ ጥሬ ሽንኩርት በቃሪያ፣ ተቆጣ። ማክሰኞ፣ ድንች በእርድ፣ ዝም። ረቡዕ፣ ስብሰባ፣ ሳልበላ ተቆጣ።» ወርቅነሽ በሯ ሲጠቁር እያየች ታጉረመርማለች፤ እሱ ግን አንድ ቀን አላስታጎለም።

ሁለት ወር ሳይሞላ በሩ ምስጢሩን አወጣ። ደምሴ ቆሞ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። «ተቆጣ» ከሚለው ቃል አጠገብ ብዙውን ጊዜ የገዛ ማሳው ፍሬ ተቀምጧል፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አልፎ አልፎም ጥሬ ወተት። ለካ መድኃኒት ብሎ የሚውጠው ራሱ ነገር ፈላጊ ኖሯል። ዕድሜውን ሙሉ ጠላቱን ውኃ ሲያጠጣ መክረሙን ለወርቅነሽ ቢነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የእሱን ወጥ በትንሽ ድስት ለብቻው ትሠራለት ጀመር።

ቅመም ነጋዴዋ ጎረቤቱ ዘምዘም ደግሞ እንስላል አፍልታ ታጠጣው ያዘች። ሲበላ አይታው ስለነበር አንድ ቀን አላስችል አላት።

«ረጋ ብለህ ብላ እንጂ፣ ማን ይቀማሃል? ወላሂ፣ እኔ እንኳ ሳይህ ሆዴን ይቆርጠኛል» አለችው።

ደምሴ እያላመጠ መብላት፣ ከምሳ በኋላም በመስኖው ዳር ዳር መመላለስ ለመደ። ሆዱ ፈጽሞ አልዳነም፤ የሚቆጣበት ቀን ግን እየራቀ ሄደ። በገበሬ ማኅበሩ የረቡዕ ስብሰባ ላይ ብቻ አልተሻለውም።

አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ተሰማ ለጉዳይ ቤቱ መጣና በሩን አነበበ። ረቡዕ፣ ስብሰባ፣ ተቆጣ። ረቡዕ፣ ስብሰባ፣ በጣም ተቆጣ። ፊቱ ተለዋወጠ። በስብሰባው የሚቆጣው ማን እንደሆነ ጠየቀ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀልድ አልነበረምና ደምሴን ላብ አጠመቀው።

«ሆዴ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ፤ የሰኞንና የማክሰኞንም መስመር በጣቱ እያሳየ አስነበበው።

ተሰማ እስከ ታች ድረስ አነበበና በሩን ተደግፎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ደምሴ በር አጠገብ እንዲቀመጥ፣ ሲፈልግም ሳያስፈቅድ እንዲወጣ ፈቀደለት። የሚገርመው፣ መውጣት እንደሚችል ካወቀ ወዲህ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጥር 1974 ዓ.ም. የጌጤ ሠርግ ደረሰ። ደምሴ ማለዳ እንስላሉን ጠጣ፣ በመስኖው ዳር ተመላለሰ፣ ከትንሿ ድስት ቀመሰና ዳሱ ዳር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሆዱ ዝም አለ። ታዲያ ከካራቆሬ የመጣው የሙሽራው አባት በላይ፣ ሽንኩርት የጠገበ ዶሮ ወጥ በእንጀራ ጠቅልሎ፣ ለአዲሱ ዘመዴ ጉርሻ ብሎ ፊቱ ቆመ። የዘመድ ጉርሻ አይመለስም። ሰው ሁሉ አፉን እያየው ነው። ደምሴ ወርቅነሽን አያት፣ ከበቡሽ የቆመችበትንም አየ፤ ሆዱ ገና ሳይቀምስ ጮኸ።

ተሰማ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«የጓድ ደምሴን ጉርሻ በውክልና እኔ እቀበላለሁ፤ የሚቃወም እጁን ያውጣ» አለ።

እጅ ያወጣ አልነበረም። ተሰማ አፉን ከፈተ፣ ዳሱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። በላይም ነገሩ ሲነገረው ከሁሉ በላይ ሳቀና ደገመው፤ የካራቆሬ ዘመዶችም እየተነሡ ተራ በተራ አጎረሱ። ውክልናው እስከ ሰባት ጉርሻ ቆየ።

ሚዜዎቹ ጌጤን ይዘው ሲነሡ ደምሴ ወንበሩ ላይ ነበር። ጌጤ ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት፣ ቀጥላም የእሱን ሳመች። ከኋላዋ ከበቡሽ፣ ልጇን አዝላ፣ መጥታ ተንበረከከች። ደምሴ ጎንበስ አለላት።

«ሦስት ዓመት ዘገየሁብሽ፣ ልጄ» አላት።

«ይኸው ተቀምጠዋል፣ አባዬ» አለችው።

ተሰማ በዚያ ሰዓት ከአገዳው ክምር ጀርባ ነበር። ደምሴ ሁለት እጁን በሁለቱ ልጆቹ ራስ ላይ ጫነ። የሙሽራዋ መኪና ሹፌር ጥሩንባ ነፋ፣ ሚዜዎቹም ቆመው ጠበቁ፤ እሱ ግን ምርቃቱን አላሳጠረም።