የአክስቴ ጣሪያና ነጭ የደም ሕዋስ

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ወልቂጤ ቤት ተቀምጬ ነበር። መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። ስለዚህ አንዲት ወጣት ተመራማሪ አገና አካባቢ ከጤነኞች ደም ለመውሰድ በጉራጊኛ የሚያስተረጉምላት ሰው ስትፈልግ፣ ማንም ሳይቀድመኝ "እኔ አለሁ" አልኳት።

"ዛሬን እንሞክርሽ። ሰዎቹ እሺ ካሉሽ ትቀጥያለሽ" አለችኝ።

በቀጥታ አገና ያለችው አክስቴ ቤት ወሰድኳት። የመንደሩ ሴቶች አክስቴ ያልቀመሰችውን አይቀምሱም።

ተመራማሪዋ ጀመረች፦ "እናቴ፣ የምናጠናው በነጭ የደም ሕዋስ ሽፋን ላይ ያለ፣ በኢንተርፌሮን የሚነሳሳ ፕሮቲን ነው።"

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። "ምን ጠፍቷት ነው?"

ያንን ቃል በቃል ብተረጉም ሥራው እዚያው ያበቃል። መንገድ ላይ ስታስረዳኝ የገባኝን አስታወስኩ።

"አክስቴ፣ የጎረቤት ቤት እሳት ሲይዘው መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?"

"የራሴን ክዳን እርጥብ የእንሰት ቅጠል አለብሰዋለሁ። ይሄም ይጠየቃል?"

"ደምሽም እንደዚያ ነው። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ኢንተርፌሮን ይባላል። የሰሙት ጎረቤቶቹ ቫይረሱ እንዳይገባባቸው ያንን ፕሮቲን ሽፋናቸው ላይ ያበዛሉ። እሷ እሳት በሌለበት ቀን ምን ያህል እንዳለ ማየት ነው የፈለገችው።"

"የጮኸውስ?"

ተመራማሪዋን ጠየቅኳት። "ብዙውን ጊዜ ይሞታል" አለች።

አክስቴ ትንሽ አሰበች። "ጮኾ መሞቱ ደግ ነው። የኛዋ ጎረቤት ቤቷ ግማሹ እስኪነድ አፍራ ዝም ብላለች።" ቀጥላ "ደሜን አትሸጠውም?" አለች።

"ያንቺን ደም ማን ይገዛል?"

"አንቺ፣ አፍሽን ሰብስቢ።"

ተመራማሪዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "ካልፈለጉ መተው ይችላሉ" አለቻት። አክስቴ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ሴቶቹ አጥሩ ጋ ቆመው ያያሉ። አክስቴ መርፌው ክንዷ ላይ እንዳለ ጠራቻቸው፦ "ኑ፣ ጣሪያችሁን ልታይላችሁ ነው።"

ይሄ እንኳ መታረም ነበረበት። ለእያንዳንዷ ከእሳቱ ጀምሬ እንደገና አስረዳሁ። አንዷ "እኔ ደሜን አልሰጥም" ብላ ሄደች። የቀሩት ተራ ያዙ።

ስንመለስ ተመራማሪዋ "ነገ ጉንችሬ ነን" አለችኝ።

"ነገ ማስረዳቱን እኔ ልጀምር" አልኳት፤ "አንቺ መርፌውን ያዢ።"