ሁሉም ገብረ ማርያም የሆነበት መዝገብ

ብሔራዊ ውትድርና የታወጀ ሰሞን የታናሽ ወንድሜ ስም ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ከተመልማዮች ጋር ተለጠፈ። እናቴ ገና አልደረሰም አለች። ታዲያ ዕድሜው ስንት ነው ሲሏት የምታውቀው የአቃቂ ወንዝ ድልድዩን በወሰደበት ክረምት መወለዱን ብቻ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያስታውስ ደግሞ፣ ለካ ወንዙ ድልድዩን የወሰደው አንዴ ብቻ አልነበረም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከቤተ ክርስቲያን የክርስትና ማስረጃ አምጡ ብሎ አዘዘን። ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያለ በየስብሰባው ሲያደርቀን የኖረ ሰው ነው እንግዲህ።

ሄድን። የደብሩ ቄስ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር መዝገቡን የማነበው እኔ ሆንኩ፤ በመሠረተ ትምህርት በለየኋት ፊደል ደረቴን ነፍቼ ገለጥኩት። ገብረ ማርያም። ከሱ ቀጥሎ ገብረ ማርያም። ቅጠሉን ባዞረው፣ ገብረ ማርያም። መዝገቡ የሚያውቀው የተጠመቁበትን ቀንና የክርስትና ስም ብቻ ነው፤ የቤት ስም የለ፣ የወላጅ ስም የለ። የክርስትና አባቱ ተጽፏል፤ ምን ልበላችሁ፣ እሱም ገብረ ማርያም። ወንዱን ሁሉ ያንኑ ስም ሲያወጡለት የኖሩት ራሳቸው ቄሱ ናቸው።

«አባ፣ የኛው የትኛው ነው?» አለቻቸው እናቴ።

«እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ ልጄ። እኔ የጻፍኩት ለሱ ነው።»

እናቴ ጥቂት አሰበችና ጣቷን ወደ ኋለኞቹ ገጾች ሰደደች። ገበያ እንደወጣች ሁሉ ለጋውን መረጠች። ማስረጃው ተጽፎ ማኅተም ሲያርፍበት ወንድሜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አንብቦ ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«እማማ፣ ይሄ ጢምስ?»

«የአባቱ ነው። በነሱ ዘር ቶሎ ይበቅላል።»

ራሱ ያዘዘውን ማስረጃ እንዴት ብሎ ይጣል? ስሙን ከተመልማዮቹ ሰረዘውና፣ ሕፃን ከሆነማ ከሕፃናት ጋር ይሰለፍ ብሎ ፈረደ።

የአብዮት በዓል ዕለት ወንድሜ በቁምጣ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ስካርፍ አስሮ፣ ከወገቡ በማያልፉ ልጆች መሐል እየዘመረ መጣ። ፊቱን በያዘው ባንዲራ ለመሸፈን ይታገላል። ሰዉ በሳቅ ይንከተከታል። እናቴ ብቻ እንባዋ እየወረደ፣ አጠገቧ የቆመውን ሁሉ በክርኗ እየጎሸመች፣ «ያ ትልቁ ሕፃን የኔ ነው» ትላለች።