የጋቢናው ብርድ

የናይሮቢን ሐምሌ የማያውቅ ሰው አፍሪካ ሁሉ ሙቅ ነው ብሎ ይከራከራል። ይምጣና ይሞክረዋ! ሰማዩ ዝቅ ብሎ ጣሪያ ላይ ይተኛል፣ ካፊያው አይዘንብ አያባራ፣ ፀሐይ የምትባል ነገር እስከ ምሳ ሰዓት ዝር አትልም። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ባለ ጠዋት ልጄ ሜሮን በመኪናዋ ጥርስ ሐኪም ጋ ስትወስደኝ፣ «ማሚ፣ ሞቀሽ? ኡኮ ሳዋ?» አለችኝ። ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ስላደገች ስዋሂሊውን ከአማርኛው እያደባለቀች ነው የምታወራው። እግሬ ደንዝዟል፣ ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም። «ሞቆኛል፣ ልጄ» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የማን እንደሆነ አወቅኩት። የአባባ ነው። የጥርሴን ሕመም እንኳ ረሳሁት።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የዕቃ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፣ ካሳራኒ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። አሮጌ መኪናም ነበረችኝ። ድሮ ነጭ ነበረች ይላሉ። በሯ በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም፣ ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች፤ ቢሆንም ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ ከመሄድ ገላግላኝ ነበርና እወዳት ነበር። አባባ ሳንባውን ታሞ ከአዲስ አበባ ለሕክምና የመጣው በዚያ ክረምት ነው። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ኮቱን እስከ ላይ ሳይቆልፍ ደጅ የማይወጣ፣ ቀጥ ያለ ሰው። ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል መመላለስ ነበረበት። ሐኪሙም ለብቻዬ ጠርቶ፣ «መድኃኒቱን ለኔ ተይው። ያንቺ ሥራ ከብርድ መጠበቅ ነው» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ቃል ገባሁ።

ወንድሜ ጌታሁን ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ላቪንግተን ነበር የሚኖረው። ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ትልቅ ሥራ አለው፣ አዲስ መኪና ከነሾፌሩ አለው። ታዲያ አባትሽ እሱ ጋ ለምን አላረፈም ትሉኝ ይሆናል። እኔም አላውቅም፤ ቤቱ እንግዳ ይበዛበታል ተባለ። ጌታሁን እየደወለ «አባባ፣ የጎደለ ነገር አለ?» ይላል። አባባ ደግሞ «ምን ይጎድላል ልጄ፣ ሁሉ ሙሉ ነው» ይላል። አንዱ እስኪለመን ይጠብቃል፣ አንዱ እስኪጋበዝ። ሰው ይህን ይሉኝታ ይለዋል። እኔ ሌላ ስም አወጣሁለት፣ ግን እዚህ አይጻፍም።

እንግዲህ የቀረችን የኔዋ ጉድ ናት። የመጀመሪያው ቀን ማሞቂያዋን ብከፍት ድምፅም የላት። ካሳራኒ መንገድ ዳር፣ ዛፍ ሥር መኪና የሚጠግን ካማው የሚባል ፉንዲ ነበረ። ፊውዝ ቀየረላት። አሁን ማራገቢያው ይጮሃል፣ የሚመጣው ግን ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ካማው ሞተሩን ሲነካካ ቆይቶ፣ ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ሞተሩ ራሱ እንደማይሞቅ ነገረኝ። እሱንም ቀየረ። መሪው ጋ ተቀምጬ ስከፍተው ሙቀቱ ጉልበቴ ላይ ፍስስ! ካማው በኔ በኩል በመስኮቱ እጁን አስገብቶ «ሞቶ!» አለ፤ እሳት ሆነ ማለቱ ነው። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከአጠገቡ ከምትጠብስ ሴትዮ በቆሎ ገዝቼ ለሁለት ተካፍለን በላን።

ከዚያ በኋላ አባባን ጋቢና አስቀምጬ፣ ማሞቂያዬን ከፍቼ፣ እንደ ንግሥት እነዳለሁ። አባትን ከኋላ ማስቀመጥማ ነውር ነው፤ ጋቢና የትልቅ ሰው ቦታ ነው። ምነው በነወረና ከኋላ ባስቀመጥኩት!

«አባባ፣ ሞቀህ?» እለዋለሁ።

«እሳት ነው! ተባረኪ የኔ ልጅ፣ እሳት ነው።»

ሲያስል እደነግጥና ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው እከፍትለታለሁ። እሱም «ተባረኪ» ይለኛል። ስንመለስ ከመንገድ ዳር ትኩስ ማንዳዚ፣ ያው የነሱን ብስኩት፣ እና በወተት የፈላ ሻይ እገዛለታለሁ። ማንዳዚውን ይወደዋል፣ ሻዩን ግን በሁለት እጁ ጭብጥ አድርጎ ይዞት ይቆያል እንጂ ቶሎ አይጠጣም። ስኳር አንሶት ይሆናል ብዬ ሁለተኛው ቀን አስጨመርኩለት። የአንገት ልብሱን ደግሞ አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያነጥፋል። ሞቆት ነው አልኩ። እንዲህ ናት እንግዲህ ብልጧ!

አዲስ ዓመት ሳይገባ አባባ መድኃኒቱን ሸክፎ አገሩ ገባ። አልተሻለውም ነበር፣ ተሽሎኛል ግን ብሏል። እሱ በሄደ በሳምንቱ የመኪናዋ ፍሬን መጮህ ስለጀመረ ካማው ጋ ወሰድኳት። «እኔ ልንዳትና ጩኸቱን ልስማው» አለኝ። በገዛ መኪናዬ ጋቢና ስቀመጥ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ብርድ ስለነበር እንደ ልማዴ ማሞቂያውን ከፈትኩ።

ጉልበቴ ላይ የመጣው ነፋስ የወንዝ ዳር ነፋስ ነው። እጄን ወደ ካማው በኩል ሰደድኩ፤ ይፋጃል። ወደ ራሴ መለስኩ፤ በረዶ። ደግሜ ሞከርኩ። ካማው መኪናዋን አቁሞ አንገቱን እየነካካ፣ የማሞቂያው ውስጥ በዝገት ግማሹ ተደፍኖ እንደሚሆን፣ ሙቁ ውሃም ወዲያኛው ጫፍ እንደማይደርስ ነገረኝ። እሱም እኔም በመሪው በኩል ብቻ ነበር የሞከርነው። በውሃ ጎማ ሲያጥበው ቡናማ ጭቃ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ወገን እኩል ሞቀ። ይኸው ነበር ሥራው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ካማው «ፖሌ፣ ፖሌ»፣ አይዞሽ ይለኛል፣ ለምን እንደማለቅስ አልገባውም።

ቤት እንደገባሁ አዲስ አበባ ደወልኩ።

«አባባ፣ መኪናው ውስጥ ያ ሁሉ ጊዜ በርዶህ ነበር?»

«ማነው ደግሞ እንዲህ ያለሽ?» አለኝ።

«ማንም አላለኝ! ራሴ ተቀምጬ አየሁት! እሳት ነው ስትለኝ አልነበር እንዴ?»

«ኧረ እኔስ ሞቆኝ ነበር። ደግሞስ ስንት የደከምሽበትን ነገር…» ብሎ ሳል ያዘው። ሳሉ አላቋርጥ ሲለው ስልኩን እህቱ ተቀበለችው።

ለገና አልደረሰም። ሐኪሙ በኋላ ስጠይቀው ብርዱ እንዳልገደለው፣ ሳንባው ድሮውኑ እንዳለቀ ነገረኝ። ይሁን። እኔ ግን አባቴን ያን ክረምት በሙሉ አጠገቤ አስቀምጬ፣ በገዛ እጄ ቀዝቃዛ ነፋስ ስለቅበት ከረምኩ፣ እሱም ሲመርቀኝ ከረመ። ይህን የሚያስረሳኝ ሐኪም አላገኘሁም። ልቅሶው ላይ ጌታሁን «ብትነግሩኝ ኖሮ እኮ መኪናዬን እልክ ነበር» አለኝ። «ብትልክ ኖሮ መንገር አያስፈልገንም ነበር» አልኩት። ለቀስተኛው ሁሉ ተይ ተይ አለኝ። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ስለ አየሩ ነው የምናወራው።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት ክፍል ውስጥ ለስንት ልጅ ያስተማረው አባባ ነው። ለኔም አስተምሮኛል። አንዲት ቃል እኮ ናት! በርዶኛል ቢለኝ መኪናዋን እዚያው አቁሜ፣ ቦታ ቀይሬው፣ ካስፈለገም ጌታሁን ደጃፍ ሄጄ ጮኼ… ምኑን አወራዋለሁ። እወደዋለሁ፣ ተናድጄበታለሁም። ሁለቱም እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ባለፈው ሳምንት፣ በዚያ የሐምሌ ጠዋት፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ ሜሮን ስልኳን ላንሳ ስትል እጇ እጄን ነካው።

«ማሚ! እጅሽ በረዶ ነው! ሞቆኛል አላልሽኝም?» ብላ አፈጠጠችብኝ። በኔ በኩል ያለው የአየር ማስገቢያ ተዘግቶ ኖሯል፤ ከፈተችው። እኔ የአባባን አፍ ነበር የምጠይቀው፣ እጁን አንድም ቀን ነክቼ አላየሁም። «እውነቱን ንገሪኝ፣ በርዶሻል አልበረደሽም?» አለችኝ።

«በርዶኛል!» ብዬ ጮህኩ። «በርዶኛል! በርዶኛል አልኩ!»

ልጄ ደንግጣ ታየኛለች። እሷ ላይ እኮ አልነበረም የጮህኩት።