ደጊቱ ሞክራ የሸጠቻት ሚሞሪ

ቡሬ መናኸሪያ አጥር ሥር፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥላ ያለችው ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ የደጊቱ ናት። ደጊቱ የሽንዲ ገበሬ ልጅ ስትሆን ፍኖተ ሰላም ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ስልክ በመጠገን ነው የጀመረችው።

ሾፌሮች የፊት መስታወታቸው ላይ ካሜራ መስቀል ሲጀምሩ አዲስ ጣጣ ይዘውላት መጡ። «ካሜራው ይበራል፤ የቀዳው ሲፈለግ ግን ባዶ ነው» ይሏታል። ሌላው ባለሱቅ ካሜራውን ቀይሩ እያለ ይሸኛቸዋል። ደጊቱ ግን ስትፈታ ስትገጥም ከርማ ደረሰችበት፤ ችግሩ ከካሜራው ሳይሆን ውስጡ ከሚገባው ጥፍር ከሚያህል ሚሞሪ ነው። ገሚሱ ላዩ ላይ መቶ ሃያ ስምንት ጊጋባይት ተጽፎበት የዚያን ሩብ እንኳ የማይዝ፣ አስመስለው የሠሩት ነው። ደህናውም ቢሆን ለስልክ የተሠራ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጻፍበትና ሲሰረዝበት፣ በዚያ ላይ የመስታወቱ ፀሐይ ሲያግለው፣ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል።

ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ሚሞሪ በቪዲዮ እስከ አፉ ሞልታ፣ የሞላችውንም መልሳ ሳታይ መሸጥ ተወች። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል። ገዢ መጠበቅ ሰልችቶት ጥሏት ይሄዳል። እሷ ግን ፍንክች አላለችም።

የሽንዲ መስመር የሚኒባስ ሾፌር ጋሽ ላቀው ከእሷ አንድ ሲገዙ እንዲህ አለቻቸው፦ «ይቺ ለመኪና ካሜራ ተብላ የተሠራች ናት፤ ሙቀት ትችላለች። ስትሞላ የቆየውን እያጠፋች በላዩ ትቀዳለች። ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ ካሜራም አለ፤ በእርስዎ መንገድ ግን ኔትወርኩ አይታመንም። እንዲቀመጥ የሚፈልጉት ነገር ካለ ለእኔ ያምጡት፣ ሃርድ ዲስክ ላይ እገለብጥልዎታለሁ።»

«ለዚህች ለኩርማን ነገር ይህ ሁሉ ትምህርት!» ብለው ስቀው ሄዱ።

አንድ የገበያ ቀን የጋሽ ላቀው ሚኒባስ ባዬ ከሚባል ሰው የፈረስ ጋሪ ጋር ተጋጨ። ሰው አልተጎዳም፤ የባዬ ፈረስ ግን እግሩ ተሰበረ። ባዬ «መንገዱን ለቆ መጣብኝ» አለ። ጋሽ ላቀው «ጋሪው ነው የገባብኝ» ብለው ማሉ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ግራ ሲጋቡ ጋሽ ላቀው ካሜራቸው ትዝ አላቸውና ለደጊቱ ደወሉ።

«መኪናውን አጥፍተዋል?» አለቻቸው።

«የለም፣ እየሠራ ነው።»

«አሁኑኑ ያጥፉት! በሠራ ቁጥር በላዩ ይቀዳበታል። ሚሞሪዋን አውጥተው በወረቀት ጠቅልለው ያምጡልኝ።»

ሽማግሌዎቹም፣ ባዬም፣ ጋሽ ላቀውም ተከታትለው መጡና ሱቋ ሞላች። ደጊቱ መጀመሪያ ቅጂውን ሃርድ ዲስኳ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ላፕቶፑን ወደ እነሱ አዙራ ከፈተችው። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ሚኒባሱ አይሱዙ ሊቀድም መስመሩን ይለቅና ጥጉን ይዞ የሚመጣውን ጋሪ ይመታል።

 ደጊቱ የገዛ ደንበኛዋን አሳልፋ የሰጠች መሰላት።

«መልሽው እስቲ» አሉ ጋሽ ላቀው። መለሰችው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዩት ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ባዬ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ ስምል እውነት መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ፈረስህን እተካለሁ።»

እንዳሉትም ተኩ። ደጊቱ ግን ዳግም ሱቄን አይረግጡም ብላ ነበር። በሳምንቱ ሦስት ሾፌሮች አስከትለው ከች አሉ።

«በእኔ በገዢዋ ላይ ሳትፈራ የመሰከረች ሚሞሪ ናት» አሏቸው፤ «እንግዲህ እውነት ይዛችሁ ስትገኙ ለእናንተ እንዴት እንደምትቆም አስቡት። ከዚች ልጅ ሌላ ጋ እንዳትገዙ።»

ወሬው ፍኖተ ሰላም ደረሰ። የሾፌሮች ማኅበር ስለ ሚሞሪ እንድታስረዳ አስጠርቷት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆመች። አብዛኞቹ በዕድሜ አባቷን የሚያህሉ ናቸው፤ ደብተር ያወጡም ነበሩ። አንዱ እጃቸውን አንሥተው «እመቤት፣ በስንት ጊዜ እንቀይረው?» ሲሏት ሳታመነታ መለሰች። ከአዳራሹ ስትወጣ ቀና ብላ፣ መንገዱ የእሷ የሆነ ይመስል በሰፊው አስፋልት መሐል ለመሐል ሄደች።