ሰባት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ

ዘገባው ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። የመብራት ታሪፍ ሊጨምር ነው፤ ጭማሪው ግን አቅም የሌላቸውን እንዳይጎዳ፣ በወር ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ለሚጠቀሙ ቤተሰቦች መንግሥት አብዛኛውን ወጪ ይደጉማል። መግለጫው ሲሰጥ በቦታው ነበርኩ። የታሪፍ ሰንጠረዡን ተቀበልኩ፤ ያልገባኝን አንድ ነጥብም ደውዬ አጣራሁ። ሬዲዮ ላይ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፤ አሠራሬም ይኸው ነው። ዜናው በቀትር በራሴ ድምፅ ቀረበ። በማግስቱ ሌላ ጉዳይ ይዤ ወጣሁ።

የጨመረው ሒሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣ በኋላ በነበረው እሑድ ቂርቆስ ሄድኩ። ተወልጄ ያደግኩበት የቀበሌ ግቢ እዚያ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤታችን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ እኔም ኡራኤል አካባቢ ተከራይቼ እኖራለሁ። ቂርቆስ የምሄደው ጎረቤታችን የነበሩትን ሴትዮ ለመጠየቅ ነው። ግቢው በሙሉ እትዬ ይላቸዋል። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ልጅ ሆኜ እናቴ ሥራ ስትውል ምሳዬን የምበላው እሳቸው ቤት ነበር።

ግቢው ውስጥ ሰባት ቤት አለ። የመብራት ቆጣሪው ግን አንድ ነው፤ የእትዬ ባለቤት በሕይወት እያሉ በስማቸው ያስገቡት፣ እትዬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ሽቦ ስቦ ይጠቀማል። በየወሩ ሒሳቡ ሲመጣ የሚያከፋፍሉት እትዬ ናቸው። ደንቡን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ በአምፖል ብዛት ይመደባል። ቴሌቪዥን ያለው ይጨምራል፣ ፍሪጅ ያለው ከዚያ በላይ ይጨምራል፣ ካውያ ያለው ከሁሉም ይበልጣል። አራስ ያለችበት ቤት ውኃ ማሞቂያ ቢሰካ ግን፣ ከአራስ ቤት እስክትወጣ አይቆጠርባትም። ይህ የትም አልተጻፈም፤ ሁሉም ያውቀዋል። በዚህ ሁሉ ዓመት «የእኔ በዛ፣ የእሱ አነሰ» የሚል ጭቅጭቅ ጠፍቶ አያውቅም። እትዬን በሌብነት የጠረጠረ ሰው ግን አላስታውስም።

የዚያን ቀን ገና በሩን አልፌ ሳልገባ ልብስ ሰፊው አየኝ። አብሮ አደጌ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ትልቅ ካውያ አለው።

«መጣች! ራሷ መጣችልን!» አለ። «በይ እንግዲህ ለእትዬ ንገሪያቸው። ለእኛማ በሬዲዮ ነግረሽናል።»

«ምኑን?»

«ድጎማውን ነዋ! ትንሽ የሚጠቀም ይደጎማል አላልሽም? በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁሽ። ታዲያ የእኛ መዋጮ ለምን ጨመረ? መንግሥት ሰጠ፣ አንቺ አበሰርሽ፣ እኛ ጋ አልደረሰም። በመሃል ማን አለ?»

እትዬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና አላሉም።

«ጨረስክ?» አሉት።

«እኔ ምን አልኩ እትዬ? ሬዲዮው ነው ያለው።»

አጠገቡ አንዲት ሴት ቆማለች። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ፈርሶ ከባሏና ከልጆቿ ጋር እዚህ አንድ ክፍል የገባች ናት። «እኔ እንኳን አዲስ ነኝ፣ ዝም ብል ይሻለኛል» አለች ወደ እኔ እያየች። «ግን ያለኝ አንድ አምፖል ነው። ባለ አንድ አምፖል ካልተደጎመ ማን ሊደጎም ነው እህቴ?»

የወሩን ሒሳብ እንዲያሳዩኝ እትዬን ጠየቅኳቸው። ከደረሰኞቻቸው ክምር ላይ አንስተው ሰጡኝ። አንድ ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ እንደገና አነበብኩት። ፍጆታው ከድጎማው ጣሪያ እጅግ አልፎ ዋጋው ወደሚወደድበት እርከን ገብቷል። ሰንጠረዡ የሚያየው ቆጣሪውን ነው። ከአንድ ቆጣሪ ጀርባ ስንት ቤት እንዳለ አያውቅም። ሰባት ትንንሽ ቤቶች ሲደመሩ ለሰንጠረዡ አንድ ትልቅ ቪላ ናቸው። እኔ ደግሞ ሁሉም ቤት የየራሱ ቆጣሪ ያለው ይመስል «ቤተሰቦች ይደጎማሉ» ብዬ አንብቤያለሁ። ይህን ያነበብኩት በዚህ ግቢ፣ በዚህ ቆጣሪ ያደግኩት እኔ ነኝ።

የተረዳሁትን እዚያው አስረዳኋቸው።

ልብስ ሰፊው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። «ስለዚህ» አለ፣ «እኛ ሰባት ድሆች ተደምረን አንድ ሀብታም ወጣን እያልሽኝ ነው?»

«አዎ።»

ሳቀ። የሳቀው እሱ ብቻ ነው። «በሬዲዮ እንዲህ አላልሽም።»

«አላልኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አይ፣ አንቺማ የእትዬ ልጅ ነሽ። ምን ትበዪ?»

እትዬ ምስሩን ይዘው ገቡ። ተከትያቸው ስገባ ሰፌዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ቆመዋል። «ያን ሁሉ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ አንድ ወረቀት ጎድሎብኝ አያውቅም» አሉ። «በእርጅናዬ የአምፖል ሌባ ልባል?»

በማግስቱ የሒሳቡን ቅጂ ይዤ መብራት ቢሮ ሄድኩ፤ እንደ ጋዜጠኛ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ተሰልፌ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሠራተኛ ትሑት ነበር። የጋራ ቆጣሪ ችግር እንደሚታወቅ፣ መፍትሔውም ለየቤቱ ለየብቻ ማስገባት መሆኑን ነገረኝ። ለዚያ የቤት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ሰፈሩ ደግሞ ለመልሶ ማልማት እየተጠና ስለሆነ ጥናቱ እስኪያልቅ አዲስ መስመር አይሰጥም።

«መቼ ያልቃል?» አልኩት።

«እሱን እኛም እየጠበቅን ነው» አለኝ።

ከዚያ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ማረሚያ እንድናወጣ ጠየቅኩ። ዘገባዬን አውጥቶ አነበበው። «ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» አለ።

«ስህተት የለውም። ሙሉ አይደለም እንጂ።»

«ሙሉ ያልሆነውን ሁሉ ስናርም ከዋልን ዜናውን ማን ሊሠራ ነው?» ቢሆንም አዲስ ዘገባ እንድሠራ ፈቀደልኝ። ሠራሁ። በጋራ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሰዎች ድጎማው እንደማይደርሳቸውና ለምን እንደማይደርሳቸው በግልጽ አስቀመጥኩ። የማንንም ግቢ አልጠቀስኩም። በተላለፈበት ቀን ለልብስ ሰፊው አስቀድሜ ደወልኩለት፤ ሲያበቃ እሱ ደወለ።

«ሰምቻለሁ፣ አሪፍ ነው» አለ። «ማለቴ… እትዬን ለማዳን ብላ ነው የሠራችው ይላሉ ሰዎቹ።»

«ሰዎቹ እነማን ናቸው?»

«ሰዎቹ ናቸዋ፣ በቃ።»

ቀጥሎ ወደ ግቢው ስሄድ ከቆጣሪው የሚወጡት ሽቦዎች እንደወትሮው በግድግዳው ላይ ወደየቤቱ ተዘርግተዋል። ወደ እትዬ ቤት የሚገባው ግን ተቆርጦ ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ያስቆረጡት ራሳቸው ናቸው፤ የሰፈሩን ኤሌክትሪሽያን ጠርተው፣ ከፍለው። ማከፋፈሉንም ለልብስ ሰፊው አስረክበውታል። የድሮ ደረሰኞቹን በሙሉ ሰጥተውታል፤ ግንባራቸው እንኳ ሳይቋጠር፣ መሥሪያ ቤት ርክክብ እንደሚደረገው አስፈርመው።

በእሱ እጅ የመጀመሪያው ወር ሒሳብ መጣ። እትዬ የነበራቸው አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ ስለሆነ የእሳቸው መውጣት ያመጣው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ልብስ ሰፊው ሒሳቡን ከድሮዎቹ ጋር እያስተያየ አንድ ቀን ሙሉ ዋለበት። ከዚያ ሄዶ በራቸው ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ልክ ነበሩ» አላቸው። ይህን የነገረችኝ ከካዛንቺስ የመጣችው ሴት ናት፤ አጠገባቸው ልብስ ታሰጣ ነበር። «ሽቦውን ዛሬውኑ ልመልስልዎት።»

«ተወው» አሉት።

እኔም ሞከርኩ። ቆጣሪው በባለቤታቸው ስም እንደሆነ፣ የተሰቀለውም በእሳቸው ግድግዳ ላይ እንደሆነ፣ ሰውየውም አምኖ መምጣቱን ነገርኳቸው። ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እሱ ከመጣ በኋላ ሌላ የመጣ አለ?» አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

«ቆጣሪው ይቁጠርላቸው። እኔ ከውስጡ የለሁበትም። ሒሳቡ ሲጨምር እንግዲህ እርስ በርስ ይተያዩ።» ከትራሳቸው ሥር ስልካቸውን አውጥተው ዘረጉልኝ። ከጠፋ ቆይቷል። «ይህን መሥሪያ ቤትሽ ቻርጅ አድርጊልኝ። እስከ ረቡዕ ብትመልሺልኝ ይበቃኛል።»

ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ልብስ ሰፊው ካውያውን አስቀምጦ ወደ በሩ መጣ።

«ምን አሉሽ?»

«ስልካቸውን እንዳስሞላ ሰጡኝ።»

«እኔ ጋ መሰካት ይችሉ ነበር እኮ» አለ።

«ንገራቸው።»

«ነግሬያቸዋለሁ» አለኝ፤ «ሁለት ጊዜ።»