በአማካይ አምስት ኩንታል

ልጅ ሳለሁ እንደ አያ ታከለ ተረት የሚያናድደኝ ነገር አልነበረም። አያ ታከለ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ያኔ ጋፋት ውስጥ አጥራችን አንድ ነበርና፣ ማታ ማታ እራት እንደተበላ ይመጡና፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ ያንኑ ተረት ይጀምሩልናል። እኛ ጅብና ቀበሮ እንፈልጋለን፤ እሳቸው ግን ያው በረዶ የመታው ገብስ፣ ያው አምስት ጎረቤት! አይሰለቻቸውም።

«አንዱ አንድ ኩንታል አገኘ፤ ሁለተኛውም አንድ፤ ሦስተኛው ሁለት፤ አራተኛው ሦስት። የአምስተኛው ማሳ ከጉብታው ጀርባ ስለነበር በረዶው ዘለለውና ዐሥራ ስምንት አፈሰ። ከዚያ ዘር የሚያድለው ሰውዬ ደብተሩን ይዞ መጣ።»

«አያ፣ ጅብ የለበትም እንዴ?» እላለሁ።

«ኤዲያ! ደብተር ይዞ መጣ አልኩሽ እኮ!»

ሰውዬው ሁሉንም ደምሮ ለአምስት አካፈለና «በአማካይ አምስት አምስት ኩንታል አግኝታችኋል፤ ዘር የሚሰጠው አማካዩ ከአምስት በታች ለሆነ መንደር ነው» ብሎ ሄደ። የአንደኛው ጎረቤት ማሳ ዘር አጥቶ ያን ዓመት ጦሙን አደረ። አለቀ። ይኼ ደግሞ ምኑ ተረት ነው እያልኩ እበግን ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ መምህራችን አማካይን፣ ሚዲያንን፣ ሞድን ሲያስተምሩን ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል። እኔ በደብተሬ ጠርዝ ላይ የአያ ታከለን ጎረቤቶች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኳቸው፤ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዐሥራ ስምንት። መሐል ላይ የተቀመጠው፣ ሚዲያኑ፣ ሁለት ነው። ደጋግሞ የመጣው፣ ሞዱ፣ አንድ። አምስት ኩንታል ያገኘ ግን አንድም ሰው የለም! ዐሥራ ስምንቱ ብቻውን አማካዩን ሰቅሎታል። ንድድ አለኝ፤ ያን ሁሉ ማታ ሰምቼ እንዴት አልገባኝም?

የዚያን ዕለት ተረቱን ሳይጀምሩ ቀደምኳቸው።

«አያ፣ መሐሉ እኮ ሁለት ነው! የሚደጋገመው ደግሞ አንድ! ሰውዬው ደርድሮ ቢያየው ኖሮ ዘሩን ይሰጥ ነበር።»

የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር። መቆስቆሻውን እንጨት ፍሙ ላይ ጣሉት፤ ማንበብ ባይችሉም ደብተሬን ተቀብለው ወደ ኩራዙ አስጠጉት።

«ከእነዚህ ውስጥ እኔ የቱ ነኝ?» አሉ።

ክው አልኩ። ጎረቤት ጎረቤት ሲሉ የኖሩት ራሳቸውን ኖሯል። የመጀመሪያውን አንድ በጣቴ ነካሁላቸው።

«ሰውዬው ሲያካፍል ቆሜ እያየሁት ነበር» አሉ። «ሒሳቡ ልክ ነው ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ፣ አፌን የያዝኩት።»

አሁን ደብረ ታቦር ቢሮ ተቀምጬ የምርት ቁጥር እሠራለሁ። አለቃዬ «አማካዩን ብቻ ላኪ፣ ምን ያስረዝምሻል!» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። አልሰማውም። መጀመሪያ ከትንሹ ወደ ትልቁ እደረድራለሁ፤ መደዳው ጫፍ ላይ አያ ታከለ ቆመው አፋቸውን ይዘዋል። እሳቸውን ሳላይ የዘጋሁት ሒሳብ የለም።