ኮምፒውተሩ አማርኛ የረሳበት ቀን

ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ መብራት ጠፋ። ባለመድኃኒቱ ወደ ጓሮ ወጥቶ ጄኔሬተር ሲያስነሳ የቤንዚኑ ሽታ ከድሬ ሙቀት ጋር ተደባልቆ በበሩ ገባ። ዐይኔን ጨፍኜ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ከጎኔ የቆመችው ሴት "አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። አላመመኝም። እህቴ ናት የታወሰችኝ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ለክረምት ቤት ተመልሻለሁ። ታላቅ እህቴ ሕግ ተምራ ከተመረቀች ቆይታለች፤ ሥራ ግን አላገኘችም። የዐይኗን ብርሃን ያጣችው አሥረኛ ክፍል ሳለች፣ በሕመም ነው። ከዚያ ወዲህ የምታነበው በጆሮዋ ነበር። ላፕቶፗ ላይ የተጫነ ፕሮግራም አለ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እየተከተለ ጮክ ብሎ ያነብላታል። ማመልከቻ ያስገባችባቸው መሥሪያ ቤቶች ሲያዩዋት ድምፃቸው ይለሰልስና "እንደውልልሻለን" ብለው ይሸኟት ነበር። በመጨረሻ አንዱ እውነትም ደወለ። ፈተናው በአማርኛ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። "አንባቢ ሰው ልንመድብልሽ አንችልም፤ የራስሽን ኮምፒውተር ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ" አሏት። እሷ ደግሞ ከዚህ ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

የፈተናው ቀን ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ማስታወሻዋን ለመከለስ ላፕቶፑን ከፈተች። ቫይረስ ገብቶበት ጥገና ቤት ቆይቶ ማታውን ነበር የመጣው፤ ጠጋኙ ፎርማት አድርጎ ፕሮግራሞቹን እንደ አዲስ ጭኖበታል። እንግሊዝኛውን እንደ ወትሮው አነበበላት። አማርኛው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ወደ ታች የሚያወርደውን ቁልፍ ተጫነች፤ ደግማ ተጫነች።

"ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ አለ?" አለችኝ።

"አለ እትዬ። ገጹ ሙሉ ነው።"

"ለእኔ ባዶ ነው" አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። ጣቷ ግን ከቁልፉ ላይ አልነሣ አለ።

ምን እንደሆነ ቶሎ ገባን። የአማርኛው ድምፅ ለብቻው የሚጫን ፋይል ነው፤ ጠጋኙ ሲያጸዳ አብሮ ጠፍቷል። ፋይሉን በመጀመሪያ ያገኘችላት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ናት። እሷ ደግሞ ከከተማ ወጥታ ጀልዴሳ ገጠር ነው የምታስተምረው፤ ብንደውል ብንደውል ስልኳ አይሠራም። እህቴ ትንሽ አሰበችና ጓደኛዋ ፋይሉ ያለበትን ሊንክ ድሮ በኢሜይል ልካላት እንደነበር አስታወሰች። የይለፍ ቃሏን ጠጋ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ በረንዳው ላይ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። እናታችን ቁርስ ይዛ ስትወጣ እኔ ፍላሽ ይዤ ከግቢው ወጥቻለሁ።

ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎች ካጠሉበት መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነበር። ባለቤቱ ሽርጥ ያገለደመ ትልቅ ሰው ነው፤ አንዱን ደንበኛ በኦሮምኛ፣ ሌላውን በሶማልኛ፣ እኔን በአማርኛ ያናግራል፤ ሦስቱንም ሲናደድ ይደባልቃቸዋል። "አቦ፣ ዛሬ ኔትወርኩ ታሟል" አለኝ ገና ሳልቀመጥ። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ትኩስ አየር ያዞራል። የላብና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አለ። ማሽኖቹ ሁሉ ሰው ተቀምጦባቸው ነበር፤ ከበሩ አጠገብ አንዱ ተነሥቶልኝ ገባሁ።

ሊንኩን ስከፍተው ገጹ "አውርድ" በሚሉ ትልልቅ አረንጓዴ ቁልፎች ተሞልቷል። የመጀመሪያውን ስነካ የቁማር ማስታወቂያ ተከፈተ። ሁለተኛውን ስነካ ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለቤቱ ከኋላዬ መጣ።

"እሱን አትንኪ የኔ ልጅ፣ ወላሂ ማሽኔን ትጨርሺልኛለሽ።"

ትክክለኛው ከታች፣ ደብዘዝ ያለች ትንሽ መስመር ነበረች። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ፣ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። ሦስቱም ካልተሟሉ አይፈታም። የመጀመሪያው ክፍል ወረደ። ሁለተኛውም እየተጎተተ ወረደ። ሦስተኛው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ማራገቢያው ፍጥነቱን ቀነሰና ቆመ። ስክሪኖቹ ሁሉ ጠቆሩ።

ባለቤቱ ወደ ጓሮ ሮጠ። የጄኔሬተሩን ገመድ ሲስብ ይሰማኛል፤ ሞተሩ ያስነጥስና ይተዋል፤ ደግሞ ያስነጥስና ይተዋል። በመጨረሻ ሲነሣ ጭሱ በመስኮት ገብቶ ቤቱን ሞላው። ኮምፒውተሩን ከፍቼ አየሁ። ሁለቱ ክፍሎች በቦታቸው አሉ። ሦስተኛው ከዜሮ ሊጀምር ነው። እንደዚያም ሆኖ ልፍታው ብዬ ሞከርኩ፤ ቀይ መስመር መጥቶ "ቀሪው ክፍል አልተገኘም" አለኝ።

እንደገና ማውረድ ጀመርኩ። ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። ስልኬ ጠራ።

"የት ደረስሽ?"

"ትንሽ ነው የቀረው።"

"እኔ ለብሻለሁ" አለች እህቴ። "ባጃጁ በር ላይ ነው። ካልሆነ ግን ንገሪኝ፤ እዚያ ሄጄ ከመቆም አሁን ባውቀው ይሻለኛል።"

ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ። ባለቤቱ አየኝ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝና ነገርኩት፤ ስለ እህቴ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ድምፁ። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ቤቱ መሃል ቆሞ እጁን ሁለት ጊዜ አጨበጨበ።

"ጀመዓ፣ አንዴ ስሙኝ። የዚች ልጅ እህት ፈተና አላት። ኔቱን ሁላችንም እየጎተትነው ነው። አንዴ እጃችሁን አንሡላት።" ያንኑ በኦሮምኛ ደገመው፤ ቀጥሎ በሶማልኛ።

አንዳንዶቹ ወዲያው ተዉ። ፊልም የሚያወርድ አንድ ጎረምሳ አጉረመረመና አቆመ። ጥግ ላይ ከሁርሶ ማሠልጠኛ ፈቃድ ወጥቶ የመጣ ወጣት ወታደር ነበር፤ ፀጉሩ ገና አዲስ ተላጭቷል፤ ከአንዲት ልጅ ጋር በቪዲዮ ያወራል። ኔትወርኩ እየቆረጠባቸው ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል፣ ይመለሳል። ወታደሩ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወደ ማይኩ ጎንበስ ብሎ "መልሼ እደውልልሻለሁ፣ አሁኑኑ" አላትና ዘጋው።

ቁጥሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቤቱ ውስጥ ከጄኔሬተሩ በስተቀር የሚጮህ የለም። ሰዎቹ ወንበራቸውን እየገፉ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ፋይሉ ተጠናቀቀ። ፍታው የሚለውን ነካሁ። አረንጓዴው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ መሃል ላይ ቆመ፣ ደግሞ ቀጠለ። ተፈታ። ባለቤቱ "አልሐምዱሊላህ" አለ በቀስታ። ፍላሹ ላይ ገልብጬ ስነሣ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ በእጁ ወደ በሩ ጠቆመኝ።

ስወጣ ወታደሩ ማሽኑ ላይ ተመልሶ ተቀምጦ ነበር። ኔትወርኩ ግን ጠፍቷል። ጥሪውን ይጫናል፣ ይጠብቃል፣ ይጫናል። አመሰግናለሁ ልለው ቆምኩ፤ እሱ ቀና ብሎ "ሂጂ፣ ይረፍድባታል" አለኝ። በኋላ እንደ ሰማሁት ያን ቀን ኔትወርኩ እስኪመሽ አልተመለሰም። ወደ ጦር ሰፈሩ ሳያናግራት ተመልሶ ይሆናል። አሁን ድረስ አስበዋለሁ።

ቤት ስደርስ እህቴ ባጃጁ ውስጥ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እየጠበቀችኝ ነው። ሹፌሩ መንዳት ጀመረ፤ እኔ ፋይሉን ወደ ቦታው ገልብጬ ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት። የደቻቱን ድልድይ ስንሻገር ድምፁ መጣ። አፍንጫው የታፈነ ሽማግሌ የመሰለ፣ ቃሉን የሚሰባብር ድምፅ ነው። "የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ" አለ። ሹፌሩ ደንግጦ ዞረ። እህቴ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አድርጋ እስክንደርስ አላነሣችውም።

ፈተናውን አለፈች። ሥራም ገባች። ከዚያ በፊት በወረቀት የታተመውን ጽሑፍ ሁሉ፣ ጋዜጣውንም፣ ልብ ወለዱንም፣ ምሽት ምሽት እኔ ነበርኩ የማነብላት። ደስ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ሆን ብዬ ድምፄን እቀንሳለሁ፤ እሷ ክንዴን ትቆነጥጠኛለች።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ፣ አንድ ምሽት በረንዳው ላይ አገኘኋት። የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ በፍላሽ የሰጣትን መጽሐፍ ከላፕቶፗ ትሰማለች። በድንገት ብቻዋን ሳቀች። አጠገቧ ተቀምጬ ክንዷን ነካሁና "ምን አለ? ንገሪኛ" አልኳት።

አንዱን ጆሮዋን ገለጥ አድርጋ እጄን ያዘችኝ።

"ልጨርሰውና እነግርሻለሁ" አለችኝ።

እጄን ሳትለቅ ማዳመጡን ቀጠለች።